ሰልፍ ያስያዘው እንቁላል መጋዘን ሞልቶ ቀረ

ታማጎቺ የተባለው የጃፓን መጫወቻ የገበያ ጥድፊያን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ያስተማረበት ታሪክ

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይባላል። በ1996 መገባደጃ ከቶኪዮ የወጣው የፕላስቲክ እንቁላል ግን ቀስ ማለትን አላወቀበትም። ገና ከመፈልፈሉ ሮጠ። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ጊዜ ውስጥ በዓለም ዙሪያ 40 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። የሠራውን ኩባንያ በሌላ ኩባንያ ከመጠቅለል ለማዳን በቃ። ከዚያም በሮጠበት ፍጥነት ተደናቅፎ ያንኑ ኩባንያ የ6 ቢሊዮን የን ኪሳራ አሸከመው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕቃው ታማጎቺ ይባላል። ለልጆች መጫወቻ ነው፤ ለነጋዴ ግን ከመጫወቻነት ያለፈ ትምህርት ይዟል። አንድ ሸቀጥ ከገበያ ሲጠፋ፣ ገዢ ሲሰለፍና ስልክ ሲደወል፣ ምን ያህል ማዘዝ ይገባል የሚለው ጥያቄ በቶኪዮም ሆነ በመርካቶ አንድ ነው። ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ምን ያህል እንዳስከፈለው መከታተል ይጠቅማል።

ዕቃው ምንድን ነው?

ታማጎቺ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ በመዳፍ ውስጥ የሚያዝና በአጭር ሰንሰለት የሚንጠለጠል የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ነው። ስሙ በጃፓንኛ እንቁላል ማለት ከሆነው “ታማጎ” እና የእጅ ሰዓት ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል “ዎች” የተዳቀለ ነው። ፊቱ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮትና ሦስት ቁልፎች አሉት። የመጀመሪያው ታማጎቺ መስኮት በአግድም 32፣ በቁም 16፣ በድምሩ 512 ነጠብጣቦችን ብቻ ያሳይ ነበር። ውስጡ ያለው ባለ 4 ቢት ቺፕም በዚያን ዘመን እንኳ ከርካሾቹ ወገን የሚቆጠር ነበር። ኃይሉን የሚያገኘው ለእጅ ሰዓት ከሚውሉት ዓይነት ትናንሽ ክብ ባትሪዎች ነው።

ገዢው ዕቃውን ከፍቶ ሰዓቱን ሲሞላ በመስኮቱ ላይ እንቁላል ይታያል፤ ከአምስት ደቂቃ ገደማ በኋላም ይፈለፈላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ፍጡሩ ሲርበው ይጮኻል፤ መመገብ አለበት። ሲሰለቸው ማጫወት፣ ሲታመም መድኃኒት መስጠት፣ ኩሱን መጥረግ፣ ሲያስቸግር መቆጣት፣ ሲተኛ መብራት ማጥፋት የባለቤቱ ግዴታ ነው። የሰው አንድ ቀን ለእርሱ አንድ ዓመት ነው። ሲያድግ የሚይዘው መልክ እንደ አያያዙ ይለያያል፤ በደንብ የተያዘው ያማረ፣ የተረሳው ደግሞ የተበላሸ ይሆናል። ጨርሶ ከተረሳ ይሞታል። በጃፓኑ ዕቃ ላይ ሞቱ በመቃብርና በመንፈስ ሥዕል ሲገለጽ፣ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀው ነገሩን አለዝቦ በመልአክ ተክቶታል።

ዋናው ነገር የመጀመሪያው ታማጎቺ “ቆይ” የሚባልበት ቁልፍ ያልነበረው መሆኑ ነው። ሌላው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ተጫዋቹ ሲፈልግ ይጀመራል፣ ሲሰለች ይዘጋል። ታማጎቺ ግን ባለቤቱ ትምህርት ቤትም ይሁን ሥራ ላይ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይርበዋል።

በ599 ዶላር ያልተሸጠው፣ በ18 ዶላር የተሸጠው

ባንዳይ በ1950 የተመሠረተ፣ ከቴሌቪዥን ፊልሞች ጋር የተያያዙ አሻንጉሊቶችን በመሥራት የታወቀ ኩባንያ ነው። ፓወር ሬንጀርስ የተባሉትን ጭንብል ለባሽ ተዋጊዎች በመላው ዓለም የሸጠው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነገሮች አልተሳኩለትም። ከአሜሪካው አፕል ኩባንያ ጋር ሆኖ ፒፒን የተባለ፣ ጨዋታና ኢንተርኔት የሚያጣምር መሣሪያ በ1996 ለገበያ አቀረበ። በአሜሪካ ዋጋው 599 ዶላር ነበር። የተሸጠው ግን 42 ሺህ ያህል ብቻ ነው።

ፒፒን ገበያ በጠፋለት በዚያው ዓመት በኩባንያው ውስጥ አንድ ትንሽ ሐሳብ እየበሰለ ነበር። ቀደም ሲል የባንዳይ ሠራተኛ የነበረውና በኋላ ዊዝ የተባለ የመጫወቻ ንድፍ ድርጅት ያቋቋመው አኪሂሮ ዮኮይ፣ በየሄዱበት ይዞት የሚኬድ የቤት እንስሳ መሥራት ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። የሐሳቡ መነሻ ኤሊውን ይዞ ለመሄድ የሚፈልግ ልጅ የሚታይበት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንደነበረ ይነገራል። በባንዳይ በኩል ሥራውን የያዘችው አኪ ማይታ ደግሞ ናሙናውን ይዛ ሺቡያ ወደተባለው የቶኪዮ ሰፈር ወጣች። በዚያ ወደ 200 የሚጠጉ ልጃገረድ ተማሪዎችን ስለ ቅርጹና ስለ መልኩ ጠየቀች። ዕቃው በመጨረሻ የያዘው መልክ የተቀረጸው በገዢዎቹ ምርጫ ነው ማለት ይቻላል።

ታማጎቺ ኖቬምበር 23 ቀን 1996 (ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.) በጃፓን ገበያ ላይ ዋለ። ዋጋው 1,980 የን፣ ማለትም በጊዜው ምንዛሪ 18 ዶላር ያህል ነበር። በእኛም ገንዘብ ቢሰላ በወቅቱ ከ100 ብር በላይ ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት በግንቦት ወር መግቢያ አካባቢ በአሜሪካ መሸጥ ሲጀምርም ዋጋው ከዚሁ አልራቀም።

በዚህ መሐል ትልቅ ጉዳይ ነበር። ሴጋ የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያና ባንዳይ ለመዋሃድ መስማማታቸውን በጃንዋሪ 1997 አስታውቀው ነበር። አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተገመተው ይህ ስምምነት ባንዳይን በሴጋ ሥር የሚያስገባ ነበር። በባንዳይ የመካከለኛ ደረጃ ኃላፊዎች ዘንድ ግን ተቃውሞ በረታ። ስምምነቱ በተፈረመ ጊዜ ገና ዳዴ ይል የነበረው እንቁላል እስከ ፀደይ ድረስ በየሱቁ ሰልፍ የሚያስይዝ ሆነ፤ “ብቻችንን መቆም እንችላለን” ለሚሉትም ጉልበት ሰጣቸው። በሜይ 1997 ውህደቱ ፈረሰ። 599 ዶላር የሚያወጣው መሣሪያ ያጎበጠውን ኩባንያ 18 ዶላር የሚያወጣው እንቁላል ቀና አደረገው።

ለምን ተወደደ?

አብዛኛው መጫወቻ በተነካ ቁጥር ዋጋው በባለቤቱ ዘንድ እየቀነሰ ይሄዳል። ታማጎቺ የተገላቢጦሽ ነው። ልጁ አሥር ቀን የመገበውን፣ ሌሊት የተነሣለትን ፍጡር እንደ ተራ ፕላስቲክ አይመለከተውም። የከፈለው 18 ዶላር ሳይሆን ያፈሰሰው ጊዜና ድካም ዕቃውን አስወድዶበታል። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ ሲነገር፣ ሸማቹ ራሱ በዕቃው ላይ ዋጋ ይጨምራል ማለት ነው። አምራቹ ለዚህ ጭማሪ አንዲት ሳንቲም አላወጣም።

ውጤቱ በየቤቱ ታየ። በተለያዩ አገሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ታማጎቺ ይዘው ክፍል እንዳይገቡ ከለከሉ። ልጆችም አደራውን ለእናትና ለአባት አስተላለፉ፤ ወላጆች በየመሥሪያ ቤታቸው፣ ስብሰባ ላይ ሳይቀር፣ የልጃቸውን እንቁላል ሲመግቡና ሲጠርጉ ዋሉ። በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል በተባለው አውራጃ የሚገኝ አንድ የቤት እንስሳት መቃብር ለሞቱ ታማጎቺዎች ቦታ እስከመስጠት ደርሷል። በየዓመቱ ለሚያስቁና ቆይተው ለሚያሳስቡ ሥራዎች የሚሰጠው “ኢግ ኖቤል” የተባለው የቀልድ ሽልማትም የ1997ን የኢኮኖሚክስ ዘርፍ ለዮኮይና ለማይታ ሸለመ። የተሰጠው ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠር የሰው የሥራ ሰዓት ወደ ሌሉ እንስሳት እርባታ እንዲዞር አድርገዋል የሚል ነው። ቀልዱ ቀልድ ብቻ አይደለም። ዕቃው ይወዳደር የነበረው ከሌሎች መጫወቻዎች ጋር ሳይሆን ከሰው ጊዜ ጋር እንደነበር በአጭሩ ያስቀምጣል።

ሰልፉ ያልተናገረው

ዕቃው ሲጠፋ በጃፓን ሱቆች ደጃፍ ሰልፍ ተያዘ። የአየር በአየር ነጋዴዎችም አልቦዘኑም፤ 1,980 የን የሚሸጠው እንቁላል በእጅ በእጅ ገበያ ብዙ እጥፍ ያወጣ ጀመር። ለአንድ አምራች ከዚህ የበለጠ የፍላጎት ማስረጃ ያለ አይመስልም። ስህተቱም የተጸነሰው እዚህ ላይ ነው። ሰልፍ ፍላጎት መኖሩን ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም።

አሠራሩ በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንዲት እናት ለልጇ አንድ ታማጎቺ ትፈልጋለች እንበል። አንዱ ሱቅ ጨርሻለሁ ሲላት ስሟን አስመዝግባ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ትሄዳለች። የአንዲት እናት አንድ ፍላጎት በሦስት መዝገብ ላይ ሰፈረ። እያንዳንዱ ቸርቻሪ ደግሞ አከፋፋዩ የጠየቁትን ያህል እንደማይሰጥ ስለሚያውቅ “ግማሹ እንኳ እንዲደርሰኝ” በማለት እጥፍ ያዝዛል፤ ሦስቱ ስድስት ሆነ። የጅምላ አከፋፋዩም ዳግም እንዳይጎድልበት መጠባበቂያ ጨምሮ ወደ ፋብሪካ ያስተላልፋል። ፋብሪካው ጋ የደረሰው ወረቀት ከስድስት በላይ ይላል። በሌላው ጫፍ ያለችው ግን አንዲት እናት ናት።

የአቅርቦት ሰንሰለትን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ይህን ክስተት በጅራፍ ይመስሉታል። እረኛ የጅራፉን እጀታ በትንሹ ሲያወዛውዘው ጫፉ ብዙ ርቀት ተወርውሮ ይጮኻል። ከገበያው እስከ ፋብሪካው ያለው መንገድ በረዘመ፣ በመካከል ያሉት እጆች በበዙ ቁጥር የትእዛዙ መወዛወዝም እየሰፋ ይሄዳል። የታማጎቺ ጉዳይ በባለሙያዎቹ ዘንድ ለዚህ ነጥብ ማስረጃ ሆኖ ተጠንቷል።

ባንዳይም የማምረት አቅሙን አሰፋ። አቅም ግን በአንድ ሌሊት አይሰፋም። መሣሪያ ለመትከል፣ ቺፕ ለማዘዝ፣ ዕቃውን ሠርቶና አጓጉዞ መደርደሪያ ላይ ለማድረስ ወራት ይወስዳል። የእናቲቱ ታማጎቺ ተገኝቶ ከሦስቱ መዝገብ በሁለቱ ላይ ስሟ ሲሰረዝ፣ ፋብሪካው ገና ለስድስቱ ትእዛዝ ማምረት መጀመሩ ነበር።

አንዴ ብቻ የሚሸጥ ዕቃ

ፍላጎቱን ያስቆሙ ሌሎች ሁለት ምክንያቶችም ነበሩ።

አንደኛው ከዕቃው ባሕርይ የመጣ ነው። ታማጎቺ ሲሞት ሁለት ቁልፎች ተጭነው አዲስ እንቁላል ይመጣል፤ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ባትሪ ሲያልቅም ባትሪውን የሚሸጠው ሌላ ነው። ሳሙና ወይም ስኳር የሚሸጥ ነጋዴ በሚቀጥለው ወርም ያንኑ ደንበኛ ያገኘዋል። ታማጎቺ የሸጠ ግን ደንበኛውን አንዴ አግኝቶ ይሰነባበታል። እንዲህ ያለው ዕቃ በፍጥነት በተሸጠ መጠን ያልገዛው ሰው ቁጥር በዚያው ፍጥነት ያንሳል። የመጀመሪያው ዓመት ግለት የሁለተኛውን ዓመት ገበያ አስቀድሞ መብላቱ ነበር። ኩባንያው መልኩና ፍጡሩ የተለወጠ አዳዲስ ዓይነት ቢያወጣም አንዱን የያዘን ሰው ሁለተኛ ለማስገዛት የመጀመሪያውን ያህል ጉልበት አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ተፎካካሪ ነው። ስሙንና መልኩን ሕግ ሊጠብቅለት ይችላል፤ “የሚመገብ ፍጡር በኪስ ይያዝ” የሚለውን ሐሳብ ግን ማንም አጥር ሊያጥርለት አይችልም። ቺፑም ርካሽ ነበር። በዚያው በ1997 የአሜሪካው ታይገር ኤሌክትሮኒክስ ጊጋ ፔትስ የተባሉትን ውሻና ድመት የሚመስሉ እንስሳት ይዞ መጣ። ከምሥራቅ እስያ ፋብሪካዎችም ርካሽ አስመሳዮች ጎረፉ። ባንዳይ ትእዛዙን ለማሟላት በሚጣደፍበት ወቅት፣ ዕቃ ያጣው ገዢ አስመሳዩን ይዞ ቤቱ ገባ። በመዝገብ ላይ ግን አሁንም የባንዳይ ደንበኛ ተብሎ ተቀምጦ ነበር።

የክምችቱ ሂሳብ

በ1998 ግለቱ በረደ። ዕቃው መምጣቱን አላቆመም። ሰልፉ ከሱቅ ደጃፍ ጠፍቶ ወደ መጋዘን ገባ፤ አሁን የተሰለፉት ሰዎች ሳይሆኑ ካርቶኖች ነበሩ።

እንዲህ ያለ ክምችት ነጋዴን በሦስት በኩል ያቆስለዋል። በመጀመሪያ ለማምረቻ የወጣው ገንዘብ ታስሮ ይቀራል። ቀጥሎ የመጋዘን ኪራይና ጥበቃ በየወሩ ይቆጠራል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ፋሽን ያለፈበት ዕቃ እንደ ብረት ወይም እንደ ቡና ቀን እስኪወጣለት የሚጠበቅ አለመሆኑ ነው። ዋጋው ተሰብሮ ቢወጣ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያለውን አዲስ ዕቃ ገበያ ይዘጋበታል።

ባንዳይ በማርች 1999 በተዘጋው የሂሳብ ዓመት ከዚህ ክምችት ጋር በተያያዘ 6 ቢሊዮን የን፣ ማለትም ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ልዩ ኪሳራ መዘገበ። የዓመቱ የመጨረሻ ውጤትም 4.5 ቢሊዮን የን ኪሳራ ሆነ። በዓለም ላይ 40 ሚሊዮን ያህል የተሸጠለት ዕቃ ባለቤት በኪሳራ ዓመቱን መዝጋቱ ለብዙዎች እንቆቅልሽ ነበር። ምስጢሩ ግን ቀላል ነው። ትርፉ የተሠራው በመጀመሪያዎቹ ሚሊዮኖች ላይ ሲሆን፣ ኪሳራው የመጣው በመጨረሻዎቹ ላይ ነው። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ ሂሳብ ይስማማል።

ሁለተኛው ፍልፈላ

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ታማጎቺ አንድ ሰሞን ታይተው ከጠፉት ዕቃዎች ጋር በተቆጠረ ነበር። ነገር ግን ባንዳይ ስሙን አልጣለውም። መንገዱን የጠቆመውም የራሱ ሌላ ዕቃ ነበር። በጁን 1997 ለወንዶች ልጆች ታስቦ የወጣው ዲጂሞን የተባለው መጫወቻ ሁለቱን ዕቃ አገናኝቶ ፍጡሮቹን ማዋጋት ያስችል ነበር። ብቻውን ያለው ዕቃ ጎደሎ ነው፤ ጓደኛም ሊኖረው ይገባል። እያንዳንዱ ገዢ ሌላ ገዢ የሚስብበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

በ2004 ታማጎቺ ተመልሶ ሲመጣ ይህንኑ ዘዴ ይዞ ነበር። አዲሱ ዕቃ በኢንፍራሬድ ጨረር ከሌላ ታማጎቺ ጋር ይነጋገራል፤ ፍጡሮቹ ጓደኛ ይሆናሉ፣ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ። ከወለዱም በኋላ ትውልድ እየተካ ጨዋታው ይቀጥላል። ቀድሞ ሞት የጨዋታው መጨረሻ ነበር፤ አሁን ልጅ ተተካ። በ1997 ዕቃውን ያስገዛው እጥረቱ ነበር፤ በ2004 ያስገዛው የጎረቤት ልጅ መያዙ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከመጀመሪያው ይልቅ ዕድሜ አለው። እጥረት ዕቃው በበዛ ጊዜ ይጠፋል፤ ይኸኛው ግን ዕቃው በበዛ ቁጥር ይጠነክራል።

ኩባንያው በ2005 ናምኮ ከተባለው የጨዋታ ድርጅት ጋር ሲዋሃድም እንቁላሉ አብሮት ገባ። በ2017 የመጀመሪያው ታማጎቺ አነስ ብሎ ተመልሶ ወጣ፤ በዘጠናዎቹ ልጆች የነበሩ፣ አሁን የራሳቸው ደመወዝ ያላቸው ሰዎች ገዙት። በ2023 ደግሞ በዋይ ፋይ ከመላው ዓለም ጋር የሚገናኘው ታማጎቺ ዩኒ መጣ። እስከዚያ ዓመት ድረስ በጠቅላላው ለገበያ የቀረበው ታማጎቺ ከ90 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ከዚህ ውስጥ ከ40 ሚሊዮኑ የተረፈው የተሸጠው ከኪሳራው በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

ነጋዴው ምን ይጠይቅ?

ከዚህ ታሪክ ዕቃ የሚያስመጣ፣ የሚያከፋፍል ወይም የሚያሻሽጥ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን መያዝ ይችላል። የመጀመሪያው ትእዛዙ የማን ነው? የሚል ነው። የቸርቻሪ ትእዛዝ ገና ሽያጭ አይደለም፤ ለመጨረሻው ገዢ በየሳምንቱ ስንት እንደወጣ የሚያውቅ ሰው በወረቀት ላይ ባለው ቁጥር አይታለልም። ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅም ከአንድ ሰው ሦስት ጊዜ የተመዘገበውን ፍላጎት ወደ አንድ ይመልሰዋል፤ በሦስት ሱቅ ስም ማስመዝገብ ነጻ ነው፣ በሦስት ሱቅ ገንዘብ ማስያዝ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ዕቃው ተመልሶ ይገዛል ወይ? የሚለው ነው። አንዴ ተገዝቶ የሚያበቃ ዕቃ በፍጥነት ሲሸጥ ሊያስደስት የሚገባውን ያህል ሊያሳስብም ይገባል።

ሦስተኛው ዛሬ የታዘዘው መቼ ይደርሳል? የሚለው ነው። ዕቃው መርከብ ተሳፍሮ፣ ወደብ ተራግፎ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት መጋዘን እስኪገባ ገበያው የት እንደሚሆን ማሰብ የሚገባው በሚታዘዝበት ቀን ነው። ባንዳይ በ1997 የማረከው ገበያ ነበረው፤ ዕቃውን ያደረሰው ግን ለ1998ቱ ነው። እንቁላሉም በእግሩ መሄድ የጀመረው፣ ባለቤቱ መሮጡን ካቆመ በኋላ ነው።